ቫይረሱን ያስገባችው ታይፒስት

እናቴ ቫይረሱ እንዳለባት ያወቅኩት በ1996 ዓ.ም. ሚያዝያ ውስጥ፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ዲላ ከተማ፣ መሥሪያ ቤቷ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ የሒሳብ የቤት ሥራዬን ስሠራ ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ። የአራተኛ ክፍል ተማሪና የትምህርት ቤታችን የፀረ ኤድስ ክበብ አባል ስለነበርኩ፣ በከተማው ስለዚያ በሽታ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር።

ነገሩ የጀመረው ግን ከዚያ ስድስት ወር ቀደም ብሎ፣ ኮምፒዩተር የመጣ ጊዜ ነው።

እናቴ ፀጋ በዞኑ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ታይፒስት ነበረች። የትኛው እንደሆነ ይቅር። አባቴ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ በመኪና አደጋ ስለሞተ እኔና እሷ ብቻ ነበርን። የእኔ ፈረቃ የጠዋት ስለነበር ከትምህርት ቤት በቀጥታ እሷ ጋ እሄዳለሁ። ደረጃው ሥር ስደርስ የታይፑን ድምፅ እሰማለሁ፤ ከድምፁ ምን እየጻፈች እንደሆነ ሁሉ አውቅ ነበር። ደብዳቤ ከሆነ ይንጣጣል፤ ሠንጠረዥ ከሆነ ደግሞ እየቆመ፣ እያሰበ፣ እየተንደረደረ ይሄዳል።

የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ደጀኔ ይባላሉ። በዚያ ዘመን አቶ ደጀኔ ደብዳቤ ከማስጻፋቸው በፊት ያስቡ ነበር። አንድ ቃል ከተሳሳተ ሦስት ካርቦን የገባበት ገጽ እንዳለ እንደገና ይመታል፤ እናቴም ገጹን ከታይፑ ላይ ስታወጣው የምታወጣው ድምፅ አለ፣ እሱን አይወዱትም። ስለዚህ መስኮቱ አጠገብ ቆመው፣ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው፣ ዐረፍተ ነገሩን በሆዳቸው ጨርሰው ነው የሚናገሩት።

ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ጋሽ ደመላሽ ከወናጎ ይመጣል። የቡና ባለሙያ ነው፤ በእጁ የጻፈውን ሪፖርት ለእናቴ ያስመታል፣ ለእኔ አናናስ ያመጣል። ሪፖርቱ ሁለት ገጽ ቢሆንም ለማስመታት ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። አጠገቧ ወንበር ስቦ ይቀመጥና እጅ ጽሑፉ እንዳያስቸግራት አንድ በአንድ ያነብላታል። የጋሽ ደመላሽ እጅ ጽሑፍ ግን እኔ እንኳን የማነበው፣ እንደ መማሪያ መጽሐፍ የጠራ ነበር። ጎበዝ ሠራተኛ ነው፣ ለሥራው ይጠነቀቃል እል ነበር።

ኮምፒዩተሮቹ ሁለት ነበሩ። አንድ ፕሮጀክት ነው የለገሰው። አንዱ ፋይናንስ ገባ፤ ሌላው ለእናቴ ተሰጠ። ክፍሏ ውስጥ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ መጋረጃ ተሰቀለ፣ አቧራ እንዳይገባ መስኮቱ በምስማር ተመታ። ጫማ ሳያወልቁ መግባት ክልክል ነው የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ ተለጠፈ። ያን ማስታወቂያ እናቴ ራሷ፣ በታይፑ ነው የጻፈችው። አቶ ደጀኔ ሠራተኛውን ሰብስበው ከእንግዲህ የሦስት ቀን ሥራ በሦስት ሰዓት እንደሚያልቅ ነገሯቸው። ሒሳብ ጎበዝ ነበርኩና ወዲያው አሰላሁት። እናቴ የሳምንቱን ሥራ ሰኞ ጠዋት ትጨርሳለች፤ ከሰኞ ከሰዓት ጀምሮ ከእኔ ጋር ቤት ትውላለች።

አሥር ቀን አዋሳ ሠልጥና መጣች። አራት ዲስኬቶች በመሀረብ ጠቅልላ ነበር የያዘችው፤ እንደ እንቁላል ነበር የምታስቀምጣቸው።

ከዚያ በኋላ አቶ ደጀኔ ማሰብ አቆሙ። ማስተካከል እንደሚቻል አውቀዋላ። ወረቀቱ ታትሞ ሲወጣ ያዩትና ሁለተኛዋን አንቀጽ ወደ ላይ አውጪያት ይላሉ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወደ ታች መልሻት፣ ቅድም ይሻል ነበር ይላሉ። «እናስታውቃለን» የሚለው «እንገልጻለን» ይሆናል፤ ነገ ተመልሶ «እናስታውቃለን» ይሆናል። ድሮ አንድ ጊዜ ይመታ የነበረ ደብዳቤ ስምንት ጊዜ ይታተማል። የሌሎቹ ክፍል ኃላፊዎችም የሚያምር ወረቀት ሲያዩ ቀኑባቸውና በእጅ ይጽፉት የነበረውን ማስታወሻ ሁሉ ተሸክመው መጡ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በታይፑ ትመታለች፤ ሲመጣ ያንኑ እንደገና ኮምፒዩተር ውስጥ ታስገባለች። ሰኞ ከሰዓት ቤት ትውላለች ያልኳት እናቴ ቅዳሜም መግባት ጀመረች።

ዓይኗ ቀላ። መስኮቱ በምስማር ከተመታው ክፍል ደረቅ ሳል ይዛ ትመጣለች። ጉርዷ ሰፋትና ወገቡ ላይ በመርፌ ቁልፍ ያዘችው። አሁን እኔ ራሴ ቀኑን ሙሉ ኮምፒዩተር ፊት የምቀመጥ የባንክ ሠራተኛ ስለሆንኩ ያ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ያኔ ግን የክበባችን ኃላፊ ቲቸር ሀኒያ ሰሌዳው ላይ ምልክቶቹን ስትዘረዝር፣ ክብደት መቀነስ፣ የማያቋርጥ ሳል፣ ድካም እያለች ስትሄድ፣ እኔ ደብተሬ ላይ በእያንዳንዱ ፊት «ራይት» እያደረግኩ ነበር።

እንግዲህ ሐሙሱ ላይ ደረስን። የዓመቱ ዕቅድ፣ ለክልሉ ሊላክ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከኮምፒዩተሩ ውስጥ ጠፋ። ከአዋሳ አንድ ባለሙያ ተጠርቶ መጣ። አቶ ደጀኔ እናቴን ሻይ እንድታዝ ላኳትና ከሰውየው ጋር ክፍሉ ውስጥ ቀሩ።

«ቫይረስ ነው» አለ ሰውየው።

አቶ ደጀኔ ከየት እንዳመጣችው ጠየቁ።

«ከውጭ ነው የሚገባው» አለ። «ከሌላ ጋር ስትገናኝ ይተላለፋል። ከገባ በኋላ ደግሞ ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። ከላይ ሲያይዋት ጤነኛ ነው የምትመስለው።»

«መድኃኒቱስ?»

«አዲስ አበባ አለ። እዚህ ገና አልደረሰም። እስከዚያው ከእሷ ጋር የተገናኘ ሁሉ መመርመር አለበት።»

«የፋይናንሱም?»

«የፋይናንሱም።»

የፋይናንስ ኃላፊው ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው፣ በከዘራ የሚሄዱ ሽማግሌ ነበሩ። ደንግጬ እርሳሴን ጣልኩት። እናቴ ሻዩን ይዛ በደረጃው ስትመጣ አየኋት፤ ደህና ሰው ነበር የምትመስለው። ልክ ሰውየው እንዳለው።

ቅዳሜ ከሰዓት ዝናብ ነበር። የቤታችን አከራይ እትዬ ሀዲጃ፣ ፊት ለፊት ባለው ሱቋ ጨርቃ ጨርቅ የምትሸጥ ሴት ናት፤ እናቴ እሷ ጋ ገብታ አለቀሰች። እኔ ከጨርቅ ጥቅሎቹ ኋላ ነበርኩ። እናቴ ቫይረስ አስገባሽ ተብላ በደብዳቤ እንደተጠየቀች፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴ እንደተቋቋመባት፣ ከሥራ ሊያሰናብቷት እንደሚችሉ ነገረቻት። እትዬ ሀዲጃ ለመሆኑ አድርገሽዋል ወይ አለቻት።

«አንድ ቀን ብቻ ነው» አለች እናቴ። «ዝናብ ነበር፣ ቸኩዬ ነበር። ማንም አላየኝም ብዬ ነበር።»

አንድ ቀን ይበቃል! ክበባችን ግድግዳ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ጥቅሉን አቅፌ አለቀስኩ።

እናቴ ያን ቀን ያደረገችው፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ኮምፒዩተር ክፍል መግባት ነበር። ቫይረስ የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ የነገራት ሰው የለም፤ ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ጥፋቷ ብቻ ነው። አሰበች፣ አሰበች፣ ከጫማዋ ጭቃ በስተቀር ሌላ ጥፋት ልታገኝ አልቻለችም።

ሰኞ በዕረፍት ሰዓት ቲቸር ሀኒያ ጋ ሄድኩ። እናቱ ቫይረሱ ያለባት ልጅ ምን ማድረግ እንዳለበት ጠየቅኳት፤ ለጓደኛዬ ነው አልኩ፤ ወዲያው አለቀስኩ። አቀፈችኝ። ማን እንደነገረኝ ስትጠይቀኝ የመሥሪያ ቤቷ ሰዎች እንዳሉ፣ በዚህ ምክንያት ሊያባርሯትም ኮሚቴ እንዳቋቋሙ ነገርኳት። ክንዷ ሲጠነክር ተሰማኝ። ቲቸር ሀኒያ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር፤ ማግለልን በተመለከተ ለሁለት ሳምንት ሠልጥና የመጣችው በዚያው ወር ነው።

ቀጥሎ የሆነውን የነገረችኝ እሷው ናት፣ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ። በማግስቱ አቶ ደጀኔ ቢሮ ገብታ፣ ሳትቀመጥ፣ ሠራተኛችሁን ቫይረስ አለባት ብላችሁ ልታባርሩ ነው ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። አቶ ደጀኔ ነገሩ እስከ ትምህርት ቤት መድረሱ ቢገርማቸውም አልካዱም። ቫይረሱን ያስገባችው እሷ መሆኗን ኮሚቴው በቃለ ጉባኤ ይዞታል አሏት።

«በቃለ ጉባኤ?»

«ለክልሉም ግልባጭ ተደርጓል። ሌላው ሠራተኛ እንዲማርበት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንለጥፈዋለን።»

ቲቸር ሀኒያ አዋሳ ድረስ እንደምትሄድ፣ በሬዲዮ እንደምታስነግር፣ የአንዲት ሴት የደም ምርመራ ውጤት ሰሌዳ ላይ የሚለጥፍ መሥሪያ ቤት ይህ የመጀመሪያው እንደሚሆን ነገረቻቸው። ልጇ እናቴ ልትሞት ነው እያለች ስታለቅስ እንደዋለችም ጨመረች። አቶ ደጀኔ የያዙትን እስክሪብቶ አስቀመጡ።

«ያኛውም አለባት እንዴ?» አሉ።

ያኛው የቱ እንደሆነ ቲቸር ሀኒያ ያን ቀን አልገባትም። በንዴት ስለነበረች ለመጠየቅም አልቆመችም። አቶ ደጀኔ ግን ነገሩን በሚገባ ተረድተውታል። በዚያው ሳምንት የሩብ ዓመት ግምገማ ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ ቫይረሱ ያለባቸውን ሠራተኞች በመደገፍ አርአያ መሆኑን የሚገልጽ ሪፖርት ያቀርባል። ያን ሪፖርት ኮምፒዩተሩ ከመበላሸቱ በፊት ስምንት ጊዜ ያተመችው እናቴ ናት።

ኮሚቴው ተበተነ። እናቴ ጉዳዩ ተዘግቷል የሚል አንድ መስመር ደብዳቤ ደረሳት። ኮምፒዩተሩ ከኮሌጅ ለመጣ አንድ ወጣት ተሰጠ፤ እሷ ከኮምፒዩተሩ ጨረር እንድትርቅ ተብሎ መስኮት ወዳለው ክፍል፣ ወደ ታይፗ ተመለሰች። አቶ ደጀኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ «ወይዘሮ ፀጋ» ይሏታል። የሚያስጽፉት ነገር ካላቸው አስበውበት፣ አሳጥረው፣ በሩ ላይ ቆመው ይነግሯታል፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደግሞ ሂጂ፣ እረፊ ይሏታል። በሦስት ወር ውስጥ ሳሉ ለቀቃት፤ ጉርዷ ላይ ያለው የመርፌ ቁልፍ ወለቀ። ወጣቱ ግን ከሳ፤ ዓይኑ ቀላ። ለእሱም መጸለይ እንዳለብኝ አሰብኩ።

ምክንያቱም የእናቴን ነገር በጸሎት የጨረስኩት እኔ ነበርኩ። ሦስት ቀን ምሳዬን ሳልበላ ጾሜያለሁ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ቲቸር ሀኒያ አምስት ሊትር ዘይት ይዛ ቤታችን መጣች፤ ከእናቴ ጋር በሩ ላይ ቀስ ብለው አወሩ። እናቴ ዘይቱን ከእኔ ለሚብስ ስጪልኝ ብላ መለሰችላት። ቲቸር ሀኒያ ይህን ለክበቡ ስም ሳትጠራ እንደ ምሳሌ ነግራናለች፤ እኔ ኮርቼ አንገቴን ደፋሁ። እናቴ ሰኞ ሆስፒታል ሄዳ ተመረመረች። ማታ ራት ስንበላ ሁለት እጄን ያዘች።

«ማርቲ፣ ስሚኝ» አለች። «ነጻ ነኝ። ምንም የለብኝም። ግን ለማንም እንዳትናገሪ። ለቲቸርም ቢሆን።»

ነጻ የሚለውን ቃል በደንብ አውቀዋለሁ፤ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች እየቆሙ ነጻ ወጣሁ ይላሉ። ተአምሩ መሆኑ ገባኝ። ኢየሱስም የፈወሳቸውን ለማንም እንዳትናገሩ ይላቸው ነበር። አልተናገርኩም።

የመሥሪያ ቤቷ ሴቶች ሻይ በየራሳቸው ብርጭቆ መጠጣት ሲጀምሩ፣ ንጽሕና ወደዱ አልኩ። እናቴ ከጠጣችበት ስኒ ሳትሰቀቅ የምትጠጣው እትዬ ሀዲጃ ብቻ ነበረች፤ በዲላ የመጨረሻዋ ደፋር ሴት አድርጌ አከብራት ነበር። እትዬ ሀዲጃ የጫማውን ታሪክ ከመጀመሪያው ስለምታውቅ ለመጠጣት ድፍረት አላስፈለጋትም። እናቴን ስታያት ሳቋ ይመጣባት ነበር እንጂ።

ጋሽ ደመላሽም መምጣት አቆመ። አንድ ሐሙስ ቀረ፤ ሁለተኛው ቀረ፤ አናናሱም ቀረ። ይህንንም ራሴ ነኝ የፈታሁት። ወናጎም ኮምፒዩተር ገብቷል፤ ስለዚህ ዲላ ድረስ የሚያመላልሰው ሥራ የለም። ለሰውየው ደስ አለኝ። አዲሱ ነገር ቢያንስ የአንድ ሰው ድካም ቀንሷል አልኩ።

እንዲህ እያመንኩ አምስት ዓመት ኖርኩ። ዘጠነኛ ክፍል ስንደርስ ኮምፒዩተር የሚባል ትምህርት ነበረን፤ ለስልሳ ልጅ ስድስት ኮምፒዩተር፣ ከስድስቱ የሚሠሩት ሁለት። የኮምፒዩተር ቫይረስ የሚለውን ቃል ከዚያ በፊትም አልፎ አልፎ ሰምቼዋለሁ፤ ከእናቴ ጋር ግን አገናኝቼው አላውቅም። የእናቴ ነገር በጸሎት የታተመ ነገር ነበራ። አስተማሪው ጀርባውን ሰጥቶን ሰሌዳው ላይ እየጻፈ በድምፁ ያነብ ነበር። ከውጭ ይገባል። ከሌላ ጋር ሲገናኝ ይተላለፋል። ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። ኮሪደሩ፣ ገርበብ ያለው በር፣ የሰውየው ድምፅ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጡብኝ። የፋይናንስ ኃላፊው ሽማግሌ ትዝ ሲሉኝ ሳቄ አመለጠኝና ከክፍል ተባረርኩ። ግቢው ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ግን ሳቁ ጠፋ። ያን ጊዜ የሰው ብርጭቆ ለምን እንደተለየ፣ ሐሙስ ለምን እንደቀረ ገባኝ። ለቲቸር ሀኒያ ያወራሁት እኔ ነኝ። ቲቸር ሀኒያ ለአቶ ደጀኔ፣ አቶ ደጀኔ ለከተማው።

እናቴ ቤት ነበረች፤ ዘጠኝ ሰዓት የመውጣት መብቷ እንደተጠበቀ ነው። ጉልበቷ ሥር ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። አልደነገጠችም። ቲቸር ሀኒያ ዘይት ይዛ የመጣች ቀን የተባለውን ሁሉ ሰምታለች።

«ታዲያ ለምን አልቆጣሽኝም?»

«ምን ብዬ ልቆጣሽ? ሥራዬን ያተረፍሽልኝ አንቺ» አለች። ከዚያ ተነስታ ከሳጥኗ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጣችልኝ፤ የሆስፒታሉ ውጤት ነው። ያን ወረቀት መሥሪያ ቤት ወስዳ ብታሳይ ስሟ ይጸዳል፤ ስሟ ሲጸዳ ግን ኮሚቴው እንደገና ይሰበሰባል። ሁለት ቀን አስባበት፣ ከሁለቱ ቫይረስ የማያባርረውን መረጠች።

ጋሽ ደመላሽንም ሳልጠይቃት አነሳችው። ወረቀቱን ለአንድ ሰው ብቻ ልታሳይ ብላ በሚኒባስ ወናጎ ሄዳ ነበር። አንብቦ እንኳን ደስ ያለሽ አላት፤ መልሶ አጣጠፈው፤ ከዚያ ለሰው ሁሉ ካላሳየሽው ምን ዋጋ አለው፣ ሰው ምን ይለኛል አላት። እስከ መናኸሪያው ሸኛት። እዚህ ላይ አለቀስኩ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ ሪፖርቶቹን ሦስት ዓመት ስትመታለት አንድም ቀን በራሱ ስም አስተያየት ጽፎ እንደማያውቅ ትዝ ብሏት ሚኒባስ ውስጥ በራሷ እንደተናደደች ነገረችኝ። ልታጽናናኝ ብላ ይሁን እውነቷን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሌላ ሰው አላገባችም።

ከዚያ የኮምፒዩተር ደብተሬን ከቦርሳዬ አወጣችው።

«ይኼ ቫይረስ የሚሉት ነገር ግን ምንድን ነው?» አለች። «ስከሰስበትም፣ ስድንበትም ማንም አልነገረኝም። እስቲ አንብቢልኝ።»

አነበብኩላት። በራሱ እንደማይፈጠር፣ ሰው የሚጽፈው ፕሮግራም እንደሆነ፣ ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው የሚሄደው በተበከለ ዲስኬት እንደሆነ። በአቧራ አይመጣም ወይ አለች። አይመጣም አልኳት። በጭቃስ? በጭቃም አይመጣም። ዲስኬቷን ከቢሮ አውጥታ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኳት፤ በመሀረብ ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ነበር የምትቆልፋቸው። ከውጭ የመጣ ሌላ ዲስኬት ገብቶበት ነበር ወይ አልኩ።

አሰበች። ፊቷ ቀስ በቀስ ሲለወጥ አየሁ።

«አንድ ብቻ» አለች። «አቶ ደጀኔ ልጃቸውን ሲድሩ የጥሪ ካርዱን ዲዛይን ሙሽራው ከአዲስ አበባ በዲስኬት ልኮላቸው፣ አትሚልኝ ብለው ሰጡኝ። ኮምፒዩተሩ የሞተው በሳምንቱ ነው።» በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። «ሦስት መቶ ካርድ ነው ያተምኩላቸው። ፖስታው ላይ የሰዉን ስም ሁሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የእኔም ስም ዝርዝሩ ውስጥ ስለነበር ጻፍኩት። ያ ፖስታ ግን እስከ ዛሬ አልደረሰኝም።»